የማን እንግዳ ነህ? በጨርጨር ተራሮች ብቻን የመሄድ ታሪክ

ጭሮ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ ናት። ስሙ ራሱ ዕቅድ ነው፤ «ተፈሪ አሰበ» ማለት ነው። እኔም ዘንድሮ በአቅሜ አንድ ነገር አስቤ ነበር። ኅዳር ሲያልቅ፣ ማሽላው ታጭዶ ቡናው ሲለቀም፣ ቦርሳዬን አዝዬ ከጭሮ ልነሣ፤ ወደ ኩኒ ልወጣ፣ ከኩኒ ወደ በዴሳ፣ ከበዴሳ ወደ ገለምሶ በእግሬ ልሄድ። ብቻዬን። ከመሥሪያ ቤት የስድስት ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ፣ ካርታ ስልኬ ላይ ጫንኩ፣ ጫማ ገዛሁ።

ከዚያ ጭሮ ለሚኖር የድሮ ወዳጄ ደወልኩለት።

«ከማን ጋር ነው የምትመጣው?» አለኝ።

«ብቻዬን።»

«እሺ ይሁን። የማን እንግዳ ሆነህ ነው?»

«የማንም። መንገደኛ ነኝ።»

ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ የማንም ያልሆነ እንግዳ እዚህ አገር የለም። ወይ የሰው እንግዳ ነህ፣ ወይ የመንግሥት እንግዳ ነህ። ሁለቱንም ካልሆንክ ማን እንደሆንክ እኛም እንጠይቃለን።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ንግግሩ አልለቀቀኝም። ካርታውን ትቼ ታሪክ ማገላበጥ ያዝኩ። ጥያቄዬ ቀላል ነበር፦ እኔ ልሄድበት ባሰብኩት ተራራ ከእኔ በፊት በእግሩ የሄደው ማነው? ያሳለፈውስ ማነው? ያገኘሁት መልስ ከእኔ ሽርሽር አልፎ ዛሬ ሁላችንም በየመንገዱ የምንጨነቅበትን ጉዳይ ስለሚነካ ላካፍላችሁ።

ጊዜውና አገሩ

አስቀድሜ ለምን ኅዳር እንዳልኩ ላስረዳ። ብዙ ሰው ተራራ የሚያምረው በመስከረም ነው፤ አደይ አለ፣ ምድሩ ለምለም ነው። በመስከረም ግን መንገዱ ገና ጭቃ ነው፣ ወንዙ አልጎደለም፣ ማሽላውም ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል። የሐረርጌን ማሽላ ያየ ያውቀዋል፤ እርሻው ውስጥ የገባ ሰው አይታይም፣ ውስጥ ያለውም ማን እየመጣ እንደሆነ አያይም። ኅዳር አልቆ ታኅሣሥ ሲገባ አገዳው ይወድቃል፣ ማሳው ይገለጣል፣ ሰው ከሩቅ ይተያያል። በአንጻሩ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ቀኑም ያጥራል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማደሪያውን ያላወቀ መንገደኛ ጨለማ ይቀድመዋል። ስለዚህ በዚህ ወቅት ለሚጓዝ ሰው ትልቁ ጥያቄ «የት እደርሳለሁ?» ሳይሆን «የት አድራለሁ?» ነው።

ጨርጨር በአንድ ወገን ውኃውን ወደ አዋሽ፣ በሌላው ወገን ወደ ዋቢ ሸበሌ የሚያወርድ የደጋ ጀርባ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አዋሽን ተሻግሮ ሚኤሶ የደረሰ ሰው ሙቀቱን ከቆላው ትቶ ጠመዝማዛውን ሲወጣ፣ ጭሮ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትቀበለዋለች። ከእሷ በላይ ያለው አገር ደግሞ የበለጠ ደጋ ነው። በኩኒ አጠገብ ባለው የሙክታር ተራራ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘው የደጋ አጋዘን ይኖርበታል ተብሎ ጥብቅ ስፍራ ተከልሏል። ወደ ደቡብ፣ በመቻራ በኩል፣ እንደ አቻሬና አይናጌ ያሉ የኖራ ድንጋይ ዋሻዎች አሉ፤ ተመራማሪዎች ከጣሪያና ከወለላቸው የበቀለውን ድንጋይ ቆርጠው የጥንቱን ዝናብ ታሪክ ያነቡበታል። የኢቱ ኦሮሞ የገዳ ጉባኤ የሚቀመጥበት ኦዳ ቡልቱምም እዚሁ ነው፤ የጭሮው ዩኒቨርሲቲ ስሙን የወሰደው ከእሱ ነው። በእግር መታየት ያለበት አገር ነው።

ዋስ ያለው ያልፋል

ሐረር የአሚሮች ከተማ በነበረችበት ዘመን ከባሕር ጠረፍ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ነጋዴ ያለ «አባን» አይንቀሳቀስም ነበር። አባን ማለት መንገደኛው ከሚያልፍበት ጎሣ የሚይዘው ዋስ ነው። ከፊት ይሄዳል፣ ስለ እንግዳው ይናገራል፣ እንግዳው ከተነካ ነውሩ የእሱና የወገኑ ነው። ለዚህም ዋጋ ይከፈለዋል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ከዘይላ ተነሥቶ ሐረር የገባው በዚሁ ሥርዓት ነው። መጽሐፉን ስታነቡ ደፋሩ ብቸኛ ሰው እሱ ነው፤ ግን አባን ባይዝ ኖሮ ከጠረፉ ብዙም ባልራቀ ነበር።

ከሐረር በስተ ምዕራብ ባለው የኦሮሞ አገርም ባዕድ ሰው የሚያልፍበት የራሱ ወግ ነበረው። እንግዳ የአባወራው ነው፤ ከዚያም ያለፈ እንደሆነ በሞጋሳ ከጎሣው ተቆጥሮ የወገን ልጅ ይሆናል። ስሙ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ሰው በሰው ያልፋል።

በጦር የተከፈተ መንገድ

በ1879 ዓ.ም. ይህ ተለወጠ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦር በኢቱ አገር አልፎ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ የገና ዕለት፣ ጨለንቆ ላይ ከአሚር አብዱላሂ ጦር ጋር ተዋጋ። ውጊያው ብዙ አልቆየም፤ ሐረር ተያዘች፣ ለደጃዝማች መኮንንም ተሰጠች። የሞቱት ሰዎች ዛሬም በጨለንቆ በመታሰቢያ ይታሰባሉ።

ከዚያ ገና አራት ወር ሳይሞላ፣ በሚያዝያ መጨረሻ፣ ሁለት ፈረንሳውያን ከእንጦጦ ተነሥተው በጨርጨር በኩል ወደ ሐረር ሄዱ። አንዱ ካርታ የሚያነሣው ዡል ቦሬሊ ነው። ሌላው ግጥም ትቶ ነጋዴ የሆነው አርተር ራምቦ ነው፤ ሐረር ውስጥ «የራምቦ ቤት» የምንለው በስሙ ነው። ራምቦ ያን ጊዜ ለምኒልክ ጠመንጃ ሸጦ ገንዘቡ በእጁ አልተሰጠውም። መኮንን ሐረር ላይ እንዲከፍሉት የሚያዝ ወረቀት ነበር የተሰጠው። ወረቀቱን ይዞ ገንዘቡን ፍለጋ መሄድ ነበረበት።

ያን ጉዞ ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀበት። በመጣበት በታጁራ በረሃ ግን ሸዋ ለመድረስ ወራት ወስዶበት ነበር። በደብዳቤውም አዲሱ መንገድ ለንግድ እንደሚሻል መሰከረ። እሱ ያላሰበበት ወይም ሊጽፈው ያልፈለገው ነገር አለ፦ መንገዱ ለምን ተከፈተ? ያለ አባን፣ ያለ ዋስ፣ ሁለት የውጭ ሰዎች በኢቱ መካከል እንዴት አለፉ? ያሳለፋቸው የአገሬው አቀባበል አልነበረም። ከእነሱ በፊት ያለፈው ጦር ነው። ወዳጄ እንዳለው፣ «የመንግሥት እንግዳ» ነበሩ።

እዚህ ላይ የሚከራከረኝ አይጠፋም። «መንግሥት መንገድ ካስከፈተ ምን ችግር አለው?» ይላል። ችግር የለውም፤ መንገድ የማያስከፍት መንግሥት ለምኑ! ግን ልብ በሉ፤ በጦር የተከፈተ መንገድ ጦሩ እስካለ ነው። ከጦሩ በኋላ የመጣው የገባርና የነፍጠኛ ሥርዓት የአገሬውን ሰው በገዛ መሬቱ ላይ ግብር ከፋይ አደረገው። እንግዳ የሚቀበለው ሰው ራሱ ቤቱ ውስጥ እንግዳ ሆነ።

ታቅዳ የተነሣች ከተማ

ከዚያ ባቡሩ መጣ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ባቡር ዳገት ስለማይወድ የደጋውን መንገድ ትቶ ከሥር በቆላው አለፈ። የጨርጨር የቅፍለት መንገድ ቀዘቀዘ፤ ሰው ሁሉ ወደ ጣቢያው ወደ ሚኤሶ ወረደ።

በዚህ ጊዜ ነው የአሰበ ተፈሪ ነገር የሚመጣው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዢ ሆነው ሲሾሙ የግዛቱ መቀመጫ ኩኒ ነበር። እሳቸው ወደ ሐዲዱ ቀረብ ባለው ስፍራ አዲስ ከተማ አቀዱ፤ ስሟም በአልጋ ወራሹ ተሰየመ። ተክለ ሐዋርያት ማን እንደሆኑ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። በልጅነታቸው ከአድዋ ድል በኋላ ወደ ሩሲያ ተወስደው እዚያ አድገው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። ሲመለሱ በአማርኛ የመጀመሪያውን ተውኔት «ፋቡላ»ን ጻፉ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፣ ኋላም ጣሊያን ሊወረን ሲል ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ስለ አገራቸው ተከራከሩ።

ጨርጨርን ሞዴል አውራጃ ለማድረግ አሰቡ። ሹም ከገበሬው እየበላ እንዳይኖር፣ ግብሩ ተለይቶ እንዲታወቅ፣ መንገድ እንዲጠረግ፣ ወንበዴ እንዲጠፋ ነበር ሐሳባቸው። በሌላ አነጋገር አንድ ሰው ያለ ጋሻ ጃግሬ፣ ያለ ጠመንጃ፣ ከመንደር ወደ መንደር እንዲሄድ ማለት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ነጋዴው ወደ ንግዱ፣ ገበሬው ወደ እርሻው ይመለስ ብለው ካወጁበት ጊዜ ጀምሮ የእኛ አገር የመንግሥት ሁሉ የመጀመሪያ ቃል ኪዳን ይኸው የመንገድ ሰላም ነው። ብዙው የገባውን ቃል አልጠበቀም፤ ጨርጨር ውስጥ ግን ከልብ ተሞክሯል።

ከተክለ ሐዋርያት በኋላ፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ጨርጨርን ያዙ። የእሳቸውም ታሪክ ጉድ ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ እንግሊዞች ሕፃን ሆነው አገኟቸው፤ ወደ ሕንድ ተወስደው በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ አደጉ፣ ዶክተር ማርቲን ተብለው ሐኪም ሆኑ። ካደጉ በኋላ ነው አገራቸውንና ዘመዶቻቸውን ያገኙት። እስቲ አስቡት፦ አሰበ ተፈሪን ተከታትለው የገዙት ሁለቱ ሰዎች ልጅነታቸውን በሰው አገር የሰው እንግዳ ሆነው ያሳለፉ ናቸው። እንግድነት ምን እንደሆነ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ ሹም ማግኘት ይከብዳል። ሆኖም ሥራቸው ሁሉ ከላይ ወደ ታች ነበር። ያ ሁሉ ማሻሻያ ሲታሰብ የኦዳ ቡልቱም ሽማግሌዎች የሕግ ባለቤት ሆነው አልተቀመጡበትም። ገዢው ሲነሣ ሥራው አብሮት ይነሣል፤ ሥሩን አልሰደደምና።

አርባ ሰው ይዞ «ብቻውን»

ሐኪም ወርቅነህ ገዢ በነበሩበት ጊዜ የ23 ዓመት ወጣት እንግሊዛዊ መጣ፤ ዊልፍሬድ ቴሲጀር። አባቱ አዲስ አበባ የእንግሊዝ ሚኒስትር ስለነበር የተወለደው በ1902 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ነው። በ1926 ዓ.ም. የመጣው የአዋሽ ወንዝ የት ገብቶ እንደሚቀር ለማየት ነበር፤ መጀመሪያ ግን ከጓደኛው ጋር የአርሲንና የጨርጨርን ደጋ በእግርና በበቅሎ ዞረው።

ዛሬ የብቸኛ ጉዞ አፍቃሪዎች ቴሲጀርን እንደ ጻድቅ ያዩታል። መዝገቡ ሲገለጥ ግን ወደ አፋር ሲወርድ ወደ 40 የሚጠጉ ሰዎች፣ ግመሎችና የመንግሥት ወታደሮች አብረውት ነበሩ። ጓደኛው ታሞ ሲመለስ ቴሲጀር «ብቻውን» ቀጠለ። ያ ሁሉ አጃቢ፣ ግመል ነጂና ወጥ ሠሪ በቁጥር አልገባም ማለት ነው። ይህን የምለው ሰውየውን ለማሳነስ አይደለም። «ብቻዬን» የሚለው ቃል ስንት ሰው እንደሚሸፍን ለማሳየት ነው።

መንገድ ከጀመረ በኋላም መንግሥት አፋር ውስጥ ውጊያ አለ ብሎ አስመለሰው። ለሚደርስበት ነገር ሁሉ መንግሥት እንደማይጠየቅ ፈርሞ ነው እንደገና የተፈቀደለት። ይህን ወረቀት ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ዛሬም ቢሆን «በራስህ ኃላፊነት ሂድ» የሚል ቃል ከየቢሮው እንሰማለን። አውሳ ሲደርስ ግን ያ ወረቀት አልረዳውም። ያሳለፈው በመጋቢት ወር ጫካ ውስጥ የተቀበለው ሱልጣን መሐመድ ያዮ ነው። ሱልጣኑ መረመረው፣ አሰበበት፣ ከዚያ እለፍ አለው። ሱልጣኑ እሺ ባይል ኖሮ የአዲስ አበባው ፈቃድ፣ የወታደሩም ጠመንጃ፣ ቴሲጀርን ከአብሄ ሐይቅ ባላደረሰው ነበር። ከደጋው የመንግሥት እንግዳ ሆኖ ወረደ፤ ከቆላው የሰው እንግዳ ሆኖ ወጣ።

በእውነት ብቻውን የሄደው

እስካሁን የጠራኋቸው መጽሐፍ የጻፉ ናቸው። መጽሐፍ ያልጻፈ፣ ግን በእነዚህ ተራሮች ከሁሉም በላይ የሄደ ሰው አለ።

ከሐረርጌ ተነሥቶ ዋቢ ሸበሌን ተሻግሮ ባሌ ውስጥ ወደሚገኘው ድሬ ሼክ ሁሴን የሚሄደውን መንፈሳዊ ተጓዥ አስቡት። ጋሪባ ይሉታል። ጫፉ እንደ መንታ የተከፈለ ዱላ ይይዛል። ስንቁ ትንሽ ነው፤ አንዳንዴ ጭራሽ የለውም። ሲመሽ ደጅ ላይ ይቆማል፣ መንዙማውን ያሰማል፣ ያድራል፣ ይበላል፣ ይመርቃል፣ ይሄዳል። ያ ዱላ መታወቂያው ነው። «ይህ ሰው ወዴት እንደሚሄድ እናውቃለን» ያሰኛል። ብቻውን ሊሄድ ይችላል፤ ግን የሁሉም እንግዳ ስለሆነ ብቻውን አይደለም።

በክርስቲያኑም በኩል ያው ነው። የዘገየ ወቅት የእግር ጉዞ ካላችሁ የሐረርጌ ትልቁ ጉዞ በታኅሣሥ 19 የሚከበረው የቁልቢ ገብርኤል ነው። ራስ መኮንን ከአድዋ በኋላ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለት ያለበት ሰው በዚያ ብርድ በእግሩ ይሄዳል፤ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣም አለ። በጭሮና በሂርና በኩል የሚያልፈውን መንገደኛ ውኃ የሚያጠጣው፣ ጥላ የሚሰጠው ሰው አብዛኛው ሙስሊም ነው። ማንም አላዘዘውም።

በአማርኛም ለዚህ ስም አለን፤ «የእግዜር እንግዳ»። የመሸበት ሰው ደጅ ላይ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል ማን ነህ፣ ከየት ነህ የሚለው ጥያቄ ከእራት በኋላ ይደርሳል። አያቶቻችን ብቻቸውን የተጓዙት በዚህ ነው። በሆቴል አይደለም፣ በፖሊስ አይደለም፣ በማያውቁት ሰው ደጅ ነው።

ተራራው ሲጠረጠር

ታዲያ ይህ ለምን ተበላሸ? ተራራው የታጣቂ መሸሸጊያ ሲሆን በተራራ የሚሄድ ሰው ሁሉ ተጠርጣሪ ይሆናል። በ1966 ዓ.ም. ማብቂያ ኤሌሞ ቂልጡ ከነጓዶቹ ጨርጨር ውስጥ ጢሮ ላይ ከመንግሥት ጦር ጋር ተዋግቶ ወደቀ። በ1969 እና በ1970 የሶማሊያ ጦርነት መጣ፤ ሐረርጌ በሙሉ የጦር ሜዳ ሆነ። በደርግ ዘመን ከቀበሌ ወረቀት ሳይዙ ከከተማ ከተማ መሄድ ራሱ ጭንቅ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ቦርሳ አዝሎ ተራራ የሚወጣ ሰው ወይ ሰርጎ ገብ ነው፣ ወይ ሰላይ ነው። አገር ለማየት የመጣ ነው ብሎ ማን ያምናል?

ከዚያም በ2009 መጨረሻና በ2010 በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን የተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቀለ፤ ብዙዎቹ በሐረርጌ ከተሞች ተጠለሉ። ለዘመናት አብሮ ሲነግድ፣ ሲጋባ፣ አንዱ ለሌላው አባን ሲሆን የኖረ ሕዝብ ነው። ዛሬ ደግሞ አገሩን ሁሉ ያዳረሰው የእገታ ወሬ አለ። ከመንገድ ተወስዶ ቤዛ የተጠየቀበት ሰው ወሬ ያልሰማ ከመካከላችን የለም። ኬላው በዝቷል፣ ፍተሻው በዝቷል፤ የመንገደኛው ፍርሃት ግን አልቀነሰም።

እዚህ ላይ ነው ወደ ዋናው ሐሳቤ የምመጣው። እኛ የመንገድ ሰላም ሲጎድል መልሱን ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ነው የምንጠብቀው። ኬላ ይጨመር፣ ወታደር ይጨመር እንላለን። የጨርጨር ታሪክ የሚለው ግን ሌላ ነው። ራምቦን ጦር አሳለፈው፤ ጦሩ ያመጣው ሥርዓት ግን ቂም ተከለ። የተክለ ሐዋርያትና የወርቅነህ ሞዴል ቅን ነበር፤ አገሬው ባለቤት ስላልሆነበት በሹመት መጣ፣ በሹመት ሄደ። ቴሲጀርን ወረቀቱ እስከ አውሳ ደጃፍ አደረሰው፤ ደጁን የከፈተለት የቤቱ ጌታ ነው። ጋሪባውን ግን ዘመን ሲለዋወጥ ያሳደረው የማያውቀው አባወራ ነው። መንግሥት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፤ ሽፍታን በምርቃት አይመልሱትም። የምለው የመንግሥት ዋስትናና የአገሬው ዋስትና ተለያይተው የትም አይደርሱም ነው። ኬላ ላይ ያለው ልጅ ከየት መንደር እንደሆነ የማይታወቅ፣ የመንደሩም ሽማግሌ ስለ ኬላው የማይጠየቅ ከሆነ፣ መንገዱ የማንም አይደለም።

ደግሞ ነገሩን ከእኔ ቦርሳ አውጥታችሁ እዩት። እኔ ባልሄድ የሚቀርብኝ የስድስት ቀን ሽርሽር ነው። ከበዴሳ ገበያ ሽጣ በምሽት ወደ መንደሯ የምትመለስ ሴት አለች። ቡናውን በአህያ ጭኖ የሚወርድ ገበሬ፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ ሁለት ሰዓት የሚሄድ ተማሪ አለ። እነሱ በየቀኑ ብቻቸውን ይሄዳሉ። የአንድ አገር ሰላም የሚለካው እኔን የመሰለ ጎብኚ አጃቢ ይዞ ገብቶ በመውጣቱ አይደለም፤ ያቺ ሴት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ኋላዋ ሳትገላመጥ ቤቷ በመድረሷ ነው።

ዕቅዴን እንዴት እንዳረምኩት

በሰሜን ተራሮች ፓርክ በእግር የሚጓዝ ሰው የፓርኩን ጠመንጃ ያነገተ ስካውት መያዝ ግዴታው ነው። ይህ የመንግሥት እንግዳ ለሆነ ሰው የተበጀ ሥርዓት ነው፤ መጥፎ አይደለም። በላስታ በኩል፣ በመቄት፣ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነገር ተሞክሮ ነበር። ገበሬዎቹ ራሳቸው ገደል አፋፍ ላይ የእንግዳ ጎጆ ሠርተው፣ ከመንደር ወደ መንደር እያቀባበሉ፣ ገቢውን ለማኅበራቸው ያደርጉ ነበር። የጥንቱ አባን በአዲስ መልክ መጣ ማለት ነው። ያንንም ጦርነቱ ጎዳው፤ ሐሳቡ ግን አልሞተም። ምዕራብ ሐረርጌ አጋዘን አለው፣ ዋሻ አለው፣ ቡና አለው፣ አዲሱም ባቡር እንደ ድሮው በሚኤሶ ያልፋል። የጎደለው ከኩኒ እስከ ገለምሶ ያሉ መንደሮች «ይህ እንግዳ የእኛ ነው» የሚሉበት ሥርዓት ነው። ይህን ለመጀመር ትልቅ በጀት አያስፈልግም። ሽማግሌ፣ ወጣትና የወረዳ ሹም አንድ ላይ ተቀምጠው ማን ማንን እንደሚቀበል መስማማት አለባቸው፤ ሹሙ ሲቀየርም የማይፈርስ ስምምነት።

እኔም መልሼ ለወዳጄ ደወልኩለት።

«የአንተ እንግዳ ነኝ» አልኩት።

«አሁን ሰው ሆንክ» አለኝ።

የተስማማነው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከከተማው ቀበሌ ገብቼ ማን እንደሆንኩ፣ በየት እንደምሄድ አስመዘግባለሁ። እስከ ኩኒ እሱ ራሱ ይሸኘኛል። ከኩኒ እስከ በዴሳ የእሱ ዘመድ፣ ከበዴሳ ወዲያ ደግሞ የዘመዱ አማች ይቀበለኛል። የማድረው ከቤታቸው ነው፤ ስኳርና ቡና ይዤ እሄዳለሁ፣ ለሸኘኝም የቀኑን ዋጋ እከፍላለሁ። ማለዳ ተነሥተን አሥር ሰዓት ሳይሞላ ማደሪያ እንገባለን። ከየማደሪያው ለቀጣዩ ቤት ይደወላል፤ ስልክ ከማይሠራበት ስፍራ ሰው ይላካል። መንገዱ የማያስኬድ ከሆነ እነሱ «ተመለስ» ሲሉኝ ያለ ክርክር እመለሳለሁ፤ ተራራው የትም አይሄድም።

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላል ያገራችን ሰው። ዕቅዴ ላይ «ብቻዬን» የሚለውን ቃል ሰርዣለሁ። ቀኑን ግን አልቀየርኩም፤ ኅዳር ሲያልቅ፣ ማሽላው ታጭዶ ሰው ከሩቅ ሲተያይ።

ቸር ያሰማን።